በረዶ የያዘው ጉልበት

ባለፈው ሳምንት ትተናት የሄድነው ፍሪጁን ተደግፋ ብቻዋን ስትስቅ ነበር። ዛሬ ስንመለስ አትስቅም። ባለፈው ያልነበራችሁ ደግሞ አትጨነቁ፤ ያመለጣችሁ ሳቅ ብቻ ነው፣ ለእንባው በሰዓቱ ደርሳችኋል።

ልጅቷ የወጌሻ ልጅ ናት። አባቷ የአንድ እግር ኳስ ቡድን ወጌሻ ናቸው፤ እሷ ደግሞ ቀኝ እጃቸው። ፋሻ ትጠቀልላለች፣ ቅባት ታሞቃለች፣ በረዶ በፌስታል እየቋጠረች ለተመታው ሁሉ ታድላለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ተጫዋቾቹ «በረዶ» ይሏታል። በረዶ ስለምታመጣ ነው ይላሉ። ውሸታቸውን ነው። ስንቱ በፈገግታ ገብቶ ስንቱ በብርድ እንደወጣ ራሳቸው ያውቃሉ።

የምትሠራበት ክፍል ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር፣ ግማሽ ጎኑ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው። ሁለት አልጋ፣ አንድ የሚያንኮራፋ ፍሪጅ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ፣ አንዱ ቀልደኛ ፂም የሣለበት የአፅም ሥዕል። መስኮት አለው እንዳይባል የለውም፣ የለውም እንዳይባል አለው፤ ጣሪያው ሥር የተሰካች፣ የማትከፈት፣ በውጭ በኩል ከሣሩ እኩል የሆነች መስታወት። በእሷ በኩል ሰው አይታይም። የሚታየው እግር ነው፣ ከጉልበት በታች ያለው ብቻ።

ምን ታድርግ፣ ሰውን በእግሩ መለየት ተማረች። አሰልጣኙ ከመሬቱ ጋር ጠብ እንዳለው ሁሉ ተረከዙን እየጎተተ ይሄዳል። በረኛው እንደ ዳክዬ ነው። ታዲያ አንድ ቀን በዚያች መስኮት ሁለት እግሮች አለፉ፤ ሣሩን የሚረግጡት ሳይሆን የሚኮረኩሩት የሚመስሉ። ሌላዋ ሴት በዓይን ትወድቃለች፣ ይህቺ በቁርጭምጭሚት ወደቀች።

የእግሮቹ ባለቤት የግራ መስመር ተጫዋች ነው። ሲዘል ያየ ሁሉ «ፌንጣ» ይለዋል። ከሩቅ ከተማ የመጣ፣ እዚህ ከካምፑ በቀር ቤት፣ ከቡድኑ በቀር ዘመድ የሌለው። አባቷ ገና ያኔ ነበር ነገሩ የገባቸው። ማንንም ሳያዩ፣ ፋሻ እየቆረጡ፣ «ልጄ» አሏት፣ «ተጫዋች መውደድ አውቶቡስ ላይ ጎጆ እንደ መቀለስ ነው። ሲነሳ ይዞሽ አይሄድም፣ ጎጆሽን ይዞ ነው የሚሄደው።»

«እኔ ጎጆ አልፈልግም» አለች እሷ፣ ፊቷን ወደ ፍሪጁ አዙራ። ፊቷ ቀልቶ ስለነበር ነው።

ከዚያ ፌንጣ ወደቀ። በጨዋታ መሃል፣ ማንም ሳይነካው፣ ዞሬ እመታለሁ ሲል የግራ ጉልበቱ ብቻውን ዞረ። አባቷ ዳብሰው፣ «ጅማቱ አሁን ክር ነው» አሉ። «ክር ይጠነክራል፣ ጊዜ ከሰጡት። አሁን ከተበጠሰ ግን የሚሰፋው የለም።» እሱ አልጋው ላይ፣ እሷ አጠገቡ፣ በመሃላቸው አንድ ጉልበት ብቻ፤ ቀኑም ወሩም እንዲህ ሄደ። ጉልበቱን ስታሽ እሱ ፊቷን ያያል። ቀና ስትል ጣሪያውን ያያል። ያልተናገሩት ነገር ግን ክፍሉን ሞልቶት፣ አባቷ ሲገቡ ቆም ብለው ያስላሉ፣ ሰው ቤት እንደሚገባ ሰው።

ረቡዕ ዕለት አሰልጣኙ ተረከዙን እየጎተተ መጣ።

«ጋሼ፣ ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል» አለ። «ፌዴሬሽኑ የሚያውቅልኝ ሃያ አምስት ተጫዋች ነው። አንድ ሰው ልጨምር ብል አይሰማኝም። ያ ልጅ ቦታ ይዞ ከተኛ እኔ በሃያ አራት ነው የምጫወተው። በጉዳት ካወጣሁት በቦታው ሌላ አስገባለሁ፤ እሱ ግን እስከሚቀጥለው ዓመት ሜዳም ካምፕም አይረግጥም፣ ወደ አገሩ ነው። ክፉ ሰው ነኝ አይበሉኝ፣ አሰልጣኝ ነኝ። ድኗል ወይስ አልዳነም?»

«ክፉ ነህ አላልኩህም» አሉ አባቷ። «ነገ ደረጃ ላይ አየዋለሁ።»

ጥግ ላይ ተቀምጣ ትጠቀልለው የነበረው ፋሻ ከእጇ አመለጠና ወለሉ ላይ እየተተረተረ ሄደ፣ እስከ አሰልጣኙ ጫማ ድረስ። ማንም አላነሳላትም። እሷም አላነሳችውም። ወደ አገሩ። የፌንጣ አገር የሙሉ ቀን መንገድ ነው። የሙሉ ቀን መንገድ ደግሞ ለወደደ ሰው ሰማይ ነው፤ ቀና ብሎ ማየት እንጂ መድረስ የለም።

ሐሙስ ጠዋት አባቷ ወደ ሜዳ እንደወጡ ፌንጣ በሩ ላይ ቆመ።

«በረዶዬ።»

«በረዶህ አይደለሁም። በረዶህ ፍሪጅ ውስጥ ነው።»

«እሱንም ፈልጌዋለሁ። ሁለት ስጪኝ።»

«ሁለት? ስንት ጉልበት ነው የታመመህ?»

«አንዱ ታሟል። ሌላው እየሳቀበት ነው፣ እሱንም ልቅጣው ብዬ ነው።»

ልትስቅ ስትል ዓይኗ ሁለቱ ጉልበቶቹ ላይ አረፈ። ገባት! የአባቷን አሠራር ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? አባቷ ተጫዋቹን የመቀመጫውን ደረጃ ያስወርዱታል። መውጣት ማንም ይወጣል፤ መውረድ ነው ጉልበትን የሚያሳብቅ። ከዚያ ተንበርክከው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለቱን መዳፎች ሁለቱ ጉልበቶች ላይ ያሳርፋሉ። ያልዳነ ጉልበት ደረጃ ከወረደ በኋላ ይግላል፤ ከጤነኛው የሞቀ እንደሆነ አልዳነም። አንዱ ብቻ ቢቀዘቅዝ ያውቃሉ። ሁለቱም እኩል ከቀዘቀዙ ግን፣ እጃቸው ምን ሊል ይችላል?

አወቀች። አውቃም ፍሪጁን ከፈተች። አንድ ፌስታል፣ ከዚያ ሌላ ፌስታል። ስትሰጠው ጣታቸው በረዶው ላይ ተገናኘ፤ ሁለቱም ቶሎ አላነሱም፣ በረዶው በመሃላቸው ጠብ ጠብ እያለ።

«እንዳትነግሪ» አለ ቀስ ብሎ።

«ለማን?» አለች። ያ «ለማን» የሕይወቷ የመጀመሪያ ውሸት ነበረ፣ ለዚያውም በአንድ ቃል።

ፌንጣ ደረጃውን እንደ ሙሽራ ነው የወረደው። ፈገግ ብሎ፣ ቀና ብሎ፣ በጥርሱ መሃል ሕመሙን ነክሶ። እሷ ታች ፎጣ ይዛ ቆማለች። አባቷ ተንበረከኩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ መዳፋቸውን አሳረፉ።

«ቀዝቃዛ ናቸው» አሉ። ከዚያ ፊታቸው በራ፤ ሰው ሲድንላቸው የሚበራው ያ ፊት። «ሁለቱም እኩል ናቸው። ድኗል!»

በረኛው አፏጨ። አሰልጣኙ የፌንጣን ትከሻ መታ አደረገና፣ «ቅዳሜ ከመጀመሪያው ትገባለህ» አለው። እሷ ፎጣውን ደረቷ ላይ አቀፈች። ደስ አላት። ደስታዋ አፍሮባት እንደሆነ ወይ እሷ አፍራበት አላወቀችም፤ ብቻ ሮጣ ወደ ክፍሏ ገባች።

ያቺ መስኮት ባትኖር ታሪኩ እዚህ ያልቅ ነበር። በመስኮቷ አራት እግር መጣ። ሁለቱ የዳክዬው ናቸው። ሁለቱ የፌንጣ ናቸው። ከአራቱ ግን መሬት የሚረግጡት ሦስቱ ብቻ ናቸው። አራተኛው፣ የግራው፣ ጣቱን ወደ ታች አንጠልጥሎ እንደ ተሰበረ የጃንጥላ እጀታ ተንጠልጥሏል።

መልበሻ ክፍል ውስጥ አገኘቻቸው። ፌንጣ አግዳሚው ላይ ተዘርግቷል፣ በረኛው ጫማውን እየፈታለት ነው። እሷን ሲያይ በረኛው ተነሳ።

«እኔ ልውጣ» አለ። «ግብ ጠባቂ ነኝ እንጂ ፍቅር ጠባቂ አይደለሁም።»

በሩ ተዘጋ። ሳትጠይቀው የሱሪውን ጫፍ ገፍፋ መዳፏን አሳረፈች። ጉልበቱ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል፤ ትኩሳቱ ካውያ ነው።

«አባቴን አታለልነው» አለች።

«እስከ ዓርብ ብቻ። ስሚኝ። ዓርብ ምዝገባው ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ብጎዳም ቦታዬን ለሌላ መስጠት አይችሉም። ካምፑ ውስጥ እቆያለሁ። እዚያ አልጋ ላይ፣ አንቺ አጠገብ።»

«ቡድኑስ? በሃያ አራት ይጫወት?»

«ቡድኑ እኔን በአንድ ቀን ሊያወጣኝ አልነበር? እኔ ነኝ የማዝንለት?»

«ቅዳሜ ቢበጠስስ?»

«ከተበጠሰማ» ብሎ ሳቀ፣ ዓይኑ ግን አልሳቀም፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ታሺዋለሽ።»

እስከዛሬ ከነገራት ሁሉ ደስ የሚለው ይሄ ነበር፤ የሚያስፈራውም ይሄው። ዕድሜን ሙሉ። ዓይኗን ጨፍና አየችው። እሱ አልጋው ላይ፣ እሷ አጠገቡ፣ እሱ ሸምግሎ፣ እሷ አርጅታ፣ በመስኮቷ የሌሎች ሰዎች እግር ሲዘል። የእሱ እግር ግን ዳግመኛ በዚያች መስኮት የማያልፍ።

«ኳስ እኮ ለእኔ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ከዚያ፣ «ቦታዬ የሚሉት ማሊያውን መሰለሽ?» አለ። «ቦታዬ ያቺ የተጨናነቀች ክፍል ናት። ያ የሚያንኮራፋ ፍሪጅ። አንቺ። እዚያ አገሬ ብሄድ ጉልበቴ ይድን ይሆናል፣ እኔ ግን ምን እሆናለሁ?»

የሱሪውን ጫፍ ቀስ አድርጋ መለሰችና ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ መዳፏን አየችው። ገና ይግላል። ከእሱ ይዛ የምትቀረው ሙቀት ይህ ብቻ እንደሚሆን ያኔውኑ ያወቀች ይመስል፣ ጨበጠችው።

አባቷ እጃቸውን በቅባት እያሹ ነበር፤ እያፏጩ። ይሄ ደግሞ ባሰ፤ ደስ ብሏቸዋል ማለት ነው።

«አባዬ፣ እጅህ አልተሳሳተም።»

«ምን?»

«በረዶ ሰጥቼው ነበር። ለሁለቱም ጉልበት።»

ፉጨቱ ቆመ። አባቷ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ።

«ሰው ሁሉ በአፉ ነው የሚዋሸኝ» አሉ። «ሕመም የለኝም ይሉኛል፤ አፋቸውን ትቼ እጄን እሰማለሁ። አንቺ በገዛ እጄ ዋሸሽኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ? ዝም ብትይ ልጁ ይቀርልሽ ነበር።»

ቀና አለች። «እንዲቀርልኝ እንደምፈልግ ታውቅ ነበር?»

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሕመም በመዳሰስ የኖርኩ ሰው ነኝ። የአንቺን ልስተው ነው?»

ያኔ ነው ያለቀሰችው፣ የቅባቱ ሽታ ውስጥ፣ የአባቷ ደረት ላይ፣ እንደ ሕፃን፣ ንፍጧም ጭምር። አባቷ ቅባት የነካ እጃቸውን ራሷ ላይ ላለማሳረፍ በአየር ላይ ይዘውት ቆሙ። ቆይተው ግን አሳረፉት። ፀጉር ይታጠባል።

«አሰልጣኙ ዘንድ ልሂድ» አሉ። «ለልጁም እነግረዋለሁ።»

«ለአሰልጣኙ አንተ ንገረው» አለች፣ ፊቷን በክርኗ እየጠረገች። «ለእሱ እኔ ነኝ የምነግረው።»

ሜዳው ዳር፣ ከኳስ መረቦቹ አጠገብ ነገረችው። አላድበሰበሰችም። በረዶውን፣ አባቷን፣ ሁሉንም። ሲሰማት ፊቱ መጀመሪያ ያልገባው ሰው ፊት ነበር፤ ቆይቶ የገባው ሰው ፊት ሆነ፤ እሱ ይብሳል።

«አንቺ?» አለ። «አሰልጣኙ ቢሆን፣ አባትሽ ቢሆኑ፣ ባላንጣዬ ቢሆን ይገባኛል። አንቺ?»

«እኔ።»

«ጠልተሽኝ ነው?»

«አንተ ደግሞ! የጠላሁህ ብሆን ቅዳሜ አስገባህ ነበር!» ድምፅዋ ተሰበረ፣ ግን አላቆመችም። «ዕድሜህን ሙሉ ሳሽህ ከምኖር ዓመት ሙሉ ባላይህ ይሻለኛል። አንተ አልጋ ላይ አይደለም የወደድኩህ፣ ገባህ? ስትዘል ነው። በዚያች መስኮት ስትዘል! እኔ አጠገብ ለመተኛት ብለህ እግርህን ብትሰጠኝ፣ እኔ ምኑን ነው የምወደው?»

ነፋስ መረቡን አወዛወዘው። እሱ አያት። ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ሊወጣ መጣና ንዴቱ አንቆ መለሰው።

«ለካ ያወጡልሽ ስም እውነት ነው» አለ። «በረዶ ነሽ።»

ዞሮ ሄደ። ቀጥ ብሎ ሄደ፣ አልተጎተተም፣ አልተንጠለጠለም። በንዴቱ መሃል እንኳ እንዳታይበት ሕመሙን ደብቆ ሄደ። እሷንም ካለው ክፉ ቃል ሁሉ የበለጠ ያሳመማት አካሄዱ ነበር። ከእሷ የተደበቀ እግር አይታ አታውቅማ።

ቅዳሜ ጠዋት በፌንጣ ቦታ የተመዘገበው አዲሱ መጣ። በመስኮቷ አየችው፤ አዲስ ጫማ፣ ነጭ ካልሲ፣ ትንንሽ ፈጣን እርምጃ። መጥፎ እግር አልነበረም። ይቅር ይበላት፣ ጠላችው። ከእሱ ቀጥሎ የአሰልጣኙ ተረከዝ፣ የዳክዬው እግር፣ የሌላው፣ የሌላው። እያንዳንዱ ሲያልፍ ልቧ ትነሳለች፣ እያንዳንዱ ካለፈ በኋላ ትቀመጣለች። ልብም ደረጃ እንደምትወጣና እንደምትወርድ ያወቀችው ያን ዕለት ነው፤ ልብንም የሚያማት ስትወርድ ነው።

ከዚያ የጨርቅ ጫማ መጣ። የመንገድ ጫማ። ከጎኑ መሬቱን የሚታከክ የሻንጣ ጫፍ። የግራው እግር ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ተጎትቶ፣ ሣሩን ነካ። ያነክሳል። በቀን ብርሃን፣ በሰው ፊት፣ ምንም ሳይደብቅ ያነክሳል።

እግሮቹ መስኮቷ ፊት ቆሙ።

ሙሉ ዓመት በዚያች መስኮት ጎንበስ ያለ ሰው የለም። እሱም ጎንበስ ማለት አይችልም፤ ጉልበቱ አይታጠፍለትም። ሻንጣውን አስቀመጠ፣ እጁን መሬት ላይ ተከለ፣ እያቃሰተ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፣ የታመመውን እግር ቀጥ አድርጎ ዘረጋ፣ በጎኑም ጋደም አለ። ፊቱ መስታወቱን ሞላው።

እሷ አልጋው ላይ ወጥታ ነበር፣ መቼ እንደወጣች ሳታውቀው። ፊትና ፊት ሆኑ፣ በመሃላቸው አቧራ የጠገበ አንድ መስታወት።

«እግሬን ብቻ ነው አይተሽ የወደድሽኝ አልሽ አይደል?» አለ። ድምፁ በመስታወቱ ስንጥቅ ቀጥኖ ነው የሚገባው። «ፊቴን እንዳትረሺው ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ፊትህማ ከእግርህ አይሻልም» አለች፣ እያለቀሰች።

«ተቆጥቼብሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አሁንም ትንሽ ቀርቶኛል። እስከ አውቶቡሱ ድረስ ይበቃኛል።»

ሳቀች። ሳቁና እንባው አፏ ላይ ተጋጩ። ልትናገረው የነበረ ብዙ ነገር ነበራት፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታሰናዳው ያደረችው። አንዱም አልመጣላትም። የመጣላት እጇ ነው። መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች።

አየው። ከዚያ ከተጋደመበት ቀና አለ፣ የሱሪውን ጫፍ ወደ ላይ ሰበሰበና ያበጠውን የግራ ጉልበቱን በሁለት እጁ እየደገፈ አስጠግቶ፣ ከመዳፏ ፊት ለፊት መስታወቱ ላይ አሳረፈው። ልክ ለአባቷ እንደሚያደርገው፤ አሁን ግን በረዶ የለም። መስታወቱ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነበር። ዓይኗን ጨፈነች። ቆየ፣ ቆየና ሞቀ።

«አልዳነም» አለች።

«አልዳነም» አለ።

ከውጭ ጥሩንባ ተነፋ፤ የአውቶቡስ። ፌንጣ ግድግዳውን ይዞ ተነሳ፤ ፊቱ ከመስኮቷ ወጣ፣ ደረቱ ወጣ፣ የቀረው እንደ መጀመሪያው ቀን እግሩ ብቻ ሆነ። ሻንጣው ከመሬት ተነሳ። አንድ እርምጃ ሄደ። አነከሰ። ሌላ እርምጃ፣ አነከሰ። ከአሰልጣኝም ከጓደኛም ከራሱም ሲደብቃት የኖረችውን ያቺን ማንከስ ለእሷ ብቻ ዘርግቶላት፣ እያሳያት፣ እየጎተታት፣ ሣሩ እስኪያልቅ ድረስ ሄደ።

ከላይ ተመልካቹ መግባት ጀመረ፤ ጣሪያው በጫማ ድምፅ ተሞላ። አባቷ በሩ ላይ ቆም ብለው አሳሉ፣ ከዚያ ሳይገቡ ተመለሱ። እሷ አልጋው ላይ እንደቆመች ናት። በመስኮቷ የብዙ ሰው እግር ያልፋል፣ አንዱንም አላየችም። መዳፏ ሥር ያለው መስታወት ቀስ እያለ እየበረደ ነበር፣ እሷ ግን የበረደው ከውጭ በኩል ብቻ እንደሆነ እርግጠኛ ስለነበረች፣ እጇን አላነሳችም።